ቃላትን የመዘነ ሰው፤ የሳሙኤል ጆንሰን የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎች ሆይ፣ ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ እናቅርብላችሁ። «ያዘ» የሚለው ግሥ ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችሁ ሳታመነቱ በእጅ ጨበጠ ማለት ነው ብላችሁ ትመልሱ ይሆናል። መልሳችሁ ትክክል ቢሆንም የተሟላ አይደለም። እረኛው ዱላ ያዘ፤ ሴትዮዋን ጉንፋን ያዛት፤ መንገደኛው የጎንደርን መንገድ ያዘ፤ ተማሪው ግጥሙን በቃሉ ያዘ፤ ጎረቤቱ ቂም ያዘ፤ እንስራው ብዙ ውሃ ይይዛል። በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ግሡ አንድ ነው፤ ፍችው ግን በየስፍራው ይለያያል። እንግዲህ የዚህን የአንዱን ግሥ ፍች ሁሉ ለይታችሁ፣ ለእያንዳንዱም ምሳሌ ፈልጋችሁ ጻፉ ብትባሉ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባችኋል? ከዚያም አልፎ የቋንቋውን ቃላት በሙሉ በዚህ ዓይነት መርምሩ ብትባሉስ?

ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ታሪክ ይህን የመሰለውን ከባድ ሸክም ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ተሸክሞ፣ በድህነት፣ በሕመምና በኀዘን መካከል ከፍጻሜ ስላደረሰው ስለ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1709 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይክል ጆንሰን መጻሕፍት ሻጭ ነበር። ሕፃኑ ገና ከጥንቱ ጤና የራቀው ነበር። የአንገት ዕጢን የሚያሳብጥ ክፉ በሽታ ስለ ያዘው አንደኛው ዐይኑ ከማየት ደከመ፤ አንደኛው ጆሮውም በሚገባ አይሰማም ነበር። በዚያን ዘመን የነገሥታት እጅ የዳሰሰው ሰው ከዚህ በሽታ ይፈወሳል የሚል እምነት ስለ ነበረ፣ እናቱ በ1712 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ወስዳ በንግሥት አን እጅ አስዳሰሰችው። ከንግሥቲቱ የተሰጠውንም የወርቅ ምልክት ዕድሜውን ሙሉ ከአንገቱ ሳይለየው ኖረ። ፈውሱን ግን አላገኘም። የበሽታው ጠባሳ በፊቱ ላይ ቀረ፤ ካደገም በኋላ ሰውነቱን ያለ ፈቃዱ የሚያንቀጠቅጥ ሌላ ደዌ ተጨመረበት። ስለዚህ መልኩን አይተው የሚሳለቁበትና የሚሸሹት ሰዎች ጥቂቶች አልነበሩም።

ሆኖም ይህ ደካማ ዐይን ከመጻሕፍት ሊለይ አልቻለም። የአባቱ መደብር ለብላቴናው ሁለተኛ ትምህርት ቤት ሆነለት። በ1728 ዓ.ም. ኦክስፎርድ ወደሚገኘው ፔምብሮክ ኮሌጅ ሲገባ፣ ከዕድሜ ጓደኞቹ ይልቅ ብዙ ያነበበ ወጣት ነበር። ነገር ግን ዕውቀት የነበረውን ያህል ገንዘብ አልነበረውም። ጫማው አልቆ ጣቶቹ እስኪታዩ ድረስ ደረሰ። ይህን ያየ አንድ ሰው በድብቅ አዲስ ጫማ ገዝቶ በክፍሉ ደጃፍ ቢያስቀምጥለት፣ ጆንሰን እንደ ውርደት ቆጥሮት በቁጣ አንሥቶ ወረወረው። ከአሥራ ሦስት ወራት በኋላም የሚከፍለው ስላጣ ዲግሪውን ሳይዝ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንድ ነገር በተለይ አስታውሱ፤ በታሪኩ መጨረሻ እንመለስበታለን። አባቱ ዩቶክሴተር በምትባል ከተማ በገበያ ቀን መጻሕፍት ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ታምሞ ስለ ነበረ ልጁን አብሮት እንዲሄድ ለመነው። ወጣቱ ጆንሰን ግን በገበያ መካከል መቆሙን ስለ ናቀ አልሄድም አለ። አባቱ በ1731 ዓ.ም. ሞተ፤ ያ እምቢታም በልጁ ልብ ውስጥ እንደ እሾኽ ተሰክቶ ቀረ።

ጆንሰን ለመጀመሪያ ጊዜ ካሳተማቸው ሥራዎች አንዱ ስለ አገራችን መሆኑን ስታውቁ ሳትደነቁ አትቀሩም። በ17ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ፣ ከፈረንሳይኛው ቅጅ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። መጽሐፉ በ1735 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ የትርጉሙ ዋጋ አምስት ጊኒ ብቻ ነበር። በዚሁ ዓመት ኤልሳቤጥ ፖርተር የተባለች፣ በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል የምትበልጠውን ባሏ የሞተባትን ሴት አገባ። በእርስዋም ገንዘብ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ነገር ግን የመጡለት ተማሪዎች ጥቂቶች ስለ ነበሩ ትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በ1737 ዓ.ም. ከተማሪዎቹ አንዱ ከነበረውና በኋላ ስመ ጥር የቴአትር ተዋናይ ከሆነው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ዕድሉን ለመሞከር ወደ ሎንዶን ተጓዘ። እዚያም ለመጽሔቶች እየጻፈ፣ አንዳንድ ጊዜ ጦሙን እያደረ፣ ብዙ ዓመት በብዕሩ ኖረ።

በ1746 ዓ.ም. የሎንዶን መጻሕፍት ነጋዴዎች ተሰብስበው ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው ተዋዋሉት። ከዚያ በፊት መዝገበ ቃላት አልነበረም ማለት አይደለም። ሮበርት ኮድሪ በ1604 ዓ.ም. 2 ሺህ 500 ያህል ከባድ ቃላትን የያዘ አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ በ1721 ዓ.ም. ደግሞ ናታን ቤይሊ ብዙ ቃላት ያሉበትን መዝገበ ቃላት አውጥቷል። ነገር ግን የቀደሙት አዘጋጆች ይበልጥ የሚያተኩሩት በእንግዳና በአስቸጋሪ ቃላት ላይ ነበር። ሰው በየቀኑ የሚናገራቸውን ቃላት፣ ሁሉም የሚያውቃቸው ስለ መሰላቸው፣ በአጭሩ ያልፏቸው ነበር። ለጆንሰን ሊከፈለው የታሰበው ገንዘብ 1 ሺህ 575 ፓውንድ ሲሆን፣ የረዳቶቹን ደመወዝ የሚከፍለውም ከዚሁ ነበር። ፈረንሳዮች በ1635 ዓ.ም. ባቋቋሙት አካዳሚ አርባ ሊቃውንት ተመድበው መዝገበ ቃላታቸው የወጣው በ1694 ዓ.ም. ነበር። ጆንሰን ግን ሥራውን በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ አሰበ። የአሳቡን ድፍረት እናንተው መዝኑት።

ጆንሰን ጎፍ ስኩዌር በተባለው ስፍራ ቤት ተከራይቶ፣ በጣሪያው ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ስድስት ጸሐፊዎችን አስቀመጠ። ይህ ቤት ዛሬም በሎንዶን በሙዚየምነት ይጎበኛል። የአሠራሩ ዘዴ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ የታወቁ ደራስያንን መጻሕፍት ያነባል፤ አንድ ቃል በመልካም ሁኔታ የተነገረበት ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ቃሉን በእርሳስ ያሰምርበታል፤ በገጹም ዳር የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ይጽፋል። ጸሐፊዎቹም ዓረፍተ ነገሩን በብጣሽ ወረቀት ላይ ይገለብጡና በፊደል ተራ ያስቀምጡታል። ከዚህ በኋላ ጆንሰን ወረቀቶቹን አንድ ላይ አድርጎ ይመረምራል፤ ፍችውንም የሚወስነው ቃሉ በእርግጥ እንዴት እንደ ተሠራበት ከተመለከተ በኋላ ነው። ይህ ዘዴ ዋና ትምህርት አለው። የአንድ ቃል ትርጉም ቃሉ ብቻውን ቆሞ ሳለ የሚታወቅ ሳይሆን፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲኖር የሚታወቅ ነው። ሥራው ከተጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን፣ ቃላቱ አስቀድሞ ካሰበው እጅግ የበዙ ፍችዎች እንዳሏቸው ስለ ታየው፣ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ትቶ አሠራሩን እንደገና ለማቃናት ተገደደ።

ከባድ ቃላት ያደክሙት ይመስላችሁ ይሆናል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚነገር የሕክምና ወይም የባሕር ቃል በአንድ መስመር ይፈታል። ያስቸገሩት ልጆች ሳይቀሩ የሚናገሯቸው ጥቃቅን ግሦች ነበሩ። ከእነዚህም ዋናው «ቴክ» የተባለው ግሥ ነው። ይህ ቃል በአማርኛ ወሰደ ወይም ያዘ እንደምንለው ያለ ነው። ጆንሰን ግሡን ሲመረምረው፣ የቀረበን ነገር መቀበል፣ በኃይል መያዝ፣ መድኃኒት መዋጥ፣ ከብዙ ነገር አንዱን መምረጥ፣ ነገርን በቅንነት ወይም በክፋት መመልከት፣ ልብን በደስታ መማረክ፣ ሌላም ሌላም ሆኖ አገኘው። በመጨረሻ ለዚህ ለአንድ ግሥ 134 ፍችዎችን ለይቶ፣ 8 ሺህ ያህል ቃላት በሚሆን ሐተታ አምስት ታላላቅ ገጾችን ሞላ።

በተለይም ግሡ ከትንንሽ ቃላት ጋር ሲቀናጅ ፍችው ፈጽሞ እንደሚለወጥ አስተዋለ። «ቴክ» ላይ «አፍተር» ሲታከልበት መምሰልን፣ «ኦፍ» ሲታከልበት ማስወገድን፣ «ኢን» ሲታከልበት ደግሞ ማታለልን ያመለክታል። እንግሊዝኛን የሚማር የውጭ አገር ሰው የሁለቱን ቃላት ፍች ለየብቻ ቢያውቅም የቅንጅታቸውን ፍች ሊደርስበት አይችልም፤ ስለዚህ ጆንሰን እነዚህን ቅንጅቶች በጥንቃቄ መዘገበ። ይህን ነገር በቋንቋችን ለመረዳት «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚሉትን ግሦች አወዳድሩ። ግሡ አንድ፣ ዳኛውም አንድ ነው፤ በመጨረሻው የገባችው ትንሽ ምዕላድ ግን አንዱን ረቺ፣ ሌላውን ተረቺ ታደርጋለች።

ስለ ተመሳሳይ ቃላትም ጆንሰን የደረሰበት አሳብ ሊጠና የሚገባው ነው። በእርሱ አስተያየት ሁለት ቃላት በፍች ፍጹም አንድ የሚሆኑበት ጊዜ እምብዛም አይገኝም፤ የቀደመው ቃል ባይጎድለው ኖሮ ሁለተኛው ባልተፈጠረ ነበርና። «ቴክ» ለሚለው ቃል «ሪሲቭ»፣ «ሲዝ» እና «ካች» የሚሉት ቃላት ተመሳሳይ ተደርገው ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ «ሪሲቭ» ስንል ሰጪ መኖር አለበት፤ «ሲዝ» ስንል ኃይል አለበት፤ «ካች» ስንል ደግሞ የሚያመልጥ ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። በአማርኛም ተቀበለ፣ ነጠቀ፣ ቀለበ የሚሉት ግሦች ሁሉ አንድ ነገር ወደ እጅ መግባቱን ያመለክታሉ። ሆኖም ስጦታን ነጠቀ፣ ዝርፊያን ተቀበለ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አሳቡን ያበላሻል። ስለዚህ ድርሰት ስትጽፉ ተመሳሳይ ቃል የምትመርጡት ድግግሞሽን ለመሸሽ ብቻ ሳይሆን፣ ለነገሩ ይበልጥ የሚስማማውን ለማግኘት መሆን አለበት።

ሦስቱ ዓመት አለፉ፤ ሥራው ግን ገና ነበር። ገንዘቡም እየተመናመነ ሄደ። በ1752 ዓ.ም. ባለቤቱ ሞተች። ጆንሰን በኀዘን ተውጦ ሳለ ሥራውን ለማቋረጥ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ግን አላቋረጠም። ሎርድ ቼስተርፊልድ የተባለው መኳንንት ሥራው ሲጀመር ደጋፊ እንዲሆን ተጠይቆ አሥር ፓውንድ ከሰጠ በኋላ ዘንግቶት ነበር። መጽሐፉ ሊወጣ ሲቃረብ ግን በ1754 ዓ.ም. መጨረሻ በጋዜጣ አመሰገነው። ጆንሰንም በየካቲት 1755 ዓ.ም. ትሕትና ያልተለየው፣ ግን እጅግ የሚከነክን ደብዳቤ ጻፈለት። የደብዳቤው አሳብ ባጭሩ፣ በችግር ጊዜ ያልደረሰ ርዳታ ሥራው ካለቀ በኋላ ምስጋና አይገባውም የሚል ነበር። በወጣትነቱ የተሰጠውን ጫማ የወረወረው ሰው፣ አሁን ደግሞ ዘግይቶ የመጣውን የትልቅ ሰው ሞገስ መለሰ። ልዩነቱ በዚህ ጊዜ የሚናገረው ከሥራው ፍሬ ጋር መሆኑ ነው።

መዝገበ ቃላቱ ሚያዝያ 15 ቀን 1755 ዓ.ም. በሁለት ታላላቅ ጥራዞች ወጣ። 42 ሺህ 773 ቃላትና 114 ሺህ ያህል ከመጻሕፍት የተወሰዱ ምሳሌዎች ነበሩበት። በመጀመሪያው ጊዜ 2 ሺህ ቅጅ ሲታተም ዋጋው 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ነበር። በድህነት ያሰናበተው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት የማስተርስ ዲግሪ ሰጠው። እርግጥ ሥራው እንከን አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ለምሳሌ የፈረስን የእግር ክፍል የሚያመለክት አንድ ቃል ከሰኰናው በላይ ያለውን ስፍራ ትቶ ጉልበት ነው ብሎ ፈትቶት ነበር። አንዲት ሴት ለምን እንዲህ እንደ ጻፈ ብትጠይቀው ምክንያት ሳይደረድር ባለማወቅ መሆኑን ነገራት። ሊቅ ሆኖ አለማወቅን ማመን ከሊቅነት የማያንስ ነገር ነው።

ሥራው ራሱ ጆንሰንን ያስተማረው ሌላም ነገር አለ። ሲጀምር የእንግሊዝኛን ቋንቋ ከለውጥ ጠብቆ በአንድ ሁኔታ የሚያጸና መስሎት ነበር። ሲጨርስ ግን ይህ ከንቱ ምኞት መሆኑን በመቅድሙ ላይ ገለጸ። ቃላት እንደ ሰው ይወለዳሉ፣ ያረጃሉ፣ ይሞታሉም፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራም ይህን ሕይወት መመዝገብ እንጂ ማገድ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት የደከመበትን ዓላማ እንደተሳሳተ አምኖ መጻፍ ለማንም ቢሆን ቀላል እንዳልሆነ ልታስተውሉ ይገባል።

ዝና ግን ወዲያው እንጀራ አልሆነለትም። በ1756 ዓ.ም. ስድስት ፓውንድ በማይሞላ ዕዳ ተይዞ፣ ደራሲው ሳሙኤል ሪቻርድሰን ገንዘብ ልኮ አስለቀቀው። በ1759 ዓ.ም. እናቱ ስትሞት የቀብሯን ወጪና ዕዳዋን ለመክፈል በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። ይህም «ራሴላስ» የተባለው፣ ደስታን ፍለጋ ከተዘጋ ሸለቆ ስለ ወጣ የኢትዮጵያ ልዑል የሚተርከው መጽሐፍ ነው። በወጣትነቱ የተረጐመው የሎቦ ታሪክ በአሳቡ ውስጥ እንደቀረ ከዚህ እንረዳለን። መጽሐፉን በኋላ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጉሞታል።

በ1762 ዓ.ም. ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ወሰነለት። የሚያስቀው ነገር፣ ጆንሰን በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ጡረታ የሚለውን ቃል ሲፈታ ለመንግሥት ያደረ ሰው የሚቀበለው ዋጋ አስመስሎ ጽፎ ነበርና፣ ባላጋራዎቹ ይህን እያነሡ ተሣለቁበት። ከዚያ በኋላ የሼክስፒርን ድርሰቶች አሰናድቶ በ1765 ዓ.ም. አወጣ፤ የዶክተርነት ማዕርግም አገኘ። ቤቱም የችግረኞች መጠጊያ ሆነ። በጃማይካ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርን ተቀብሎ፣ ትምህርት ቤት አስገብቶ አስተማረው፤ ሲሞትም ዋና ወራሹ አደረገው። ጆንሰን ባርነትን አጥብቆ ይቃወም ነበር።

አሁን ወደ ዩቶክሴተር እንመለስ። ጆንሰን ካረጀና ስሙ በአገሩ ሁሉ ከታወቀ በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን ወደዚያች ከተማ ሄደ። የአባቱ የመጻሕፍት መሸጫ በነበረበት ስፍራ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዝናብ እየወረደበትና ሰው እየተመለከተው ለረጅም ጊዜ ቆመ። በወጣትነቱ እምቢ ያለበትን የጸጸት ዕዳ በዚህ ዓይነት ከፈለ። ታኅሣሥ 13 ቀን 1784 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመቱ ዐረፈና በዌስትሚኒስተር አቢ ተቀበረ። ጓደኛው ጄምስ ቦዝዌል በ1791 ዓ.ም. ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ምን ትቀስማላችሁ? ጆንሰን የሚያየው በአንድ ዐይኑ ነበር፤ ነገር ግን ሌሎች በሁለት ዐይናቸው እያዩ ያለፏቸውን ተራ ቃላት እርሱ ቆም ብሎ መረመራቸው። እናንተም ድርሰት ስትጽፉ በትልልቅ ቃላት አትመኩ። እንደ «ያዘ» ያሉትን የዕለት ቃላት በየቦታቸው ለይቶ ማስቀመጥ የቻለ ተማሪ የቋንቋውን ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

መልመጃ

፩. ጆንሰን የአንድን ቃል ፍች ለመወሰን የተከተለውን ዘዴ በቅደም ተከተል ጻፉ።

፪. ተራ ቃላት ከከባድ ቃላት ይልቅ ለመፍታት የሚያስቸግሩት ለምንድን ነው? በራሳችሁ ምሳሌ አስረዱ።

፫. «ቆረጠ» የሚለው ግሥ ከዛፍ፣ ከተስፋ፣ ከቀንና ከቲኬት ጋር ሲነገር ምን ምን ማለት ነው? ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ። ሌሎች ፍችዎችም ካሉት ጨምሩ።

፬. ተመለከተ፣ አየ፣ አስተዋለ፣ ቃኘ በሚሉት ግሦች መካከል ያለውን ልዩነት ግለጹ።

፭. የጫማውን፣ የደብዳቤውንና የዩቶክሴተርን ታሪክ በማነጻጸር፣ ጆንሰን ስለ ክብር የነበረው አሳብ እንዴት እንደተለወጠ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።